ፓርላማውና ቆሞ ተመልካቹ

በሚያዝያ 1314 የለንደኑ ከንቲባ ኒኮላስ ፋርንዶን በንጉሡ ስም አዋጅ አስነገረ። ንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ስኮትላንዶችን ሊወጋ ወደ ሰሜን መዝመቱ ነበርና ከተማዋ ጸጥ ብላ እንድትጠብቀው ይሻል። የለንደን ጎረምሳ ግን በየሜዳውና በየመንገዱ ትልልቅ ኳስ እያሳደደ ሲጋፋና ሲጯጯህ ይውላል። ከእንግዲህ በከተማው ውስጥ ይህን ጨዋታ ሲጫወት የተገኘ ወህኒ ይወርዳል ተባለ። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዝ ገዢዎች ስለ እግር ኳስ ተናገሩት ተብሎ ከተመዘገበው ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ጨዋታውን ከነተሰብሳቢው እንደ ስጋት የማየት ልማድም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘመናት አልለቀቀም።

ቀጥለው የመጡት ነገሥታት ምክንያታቸው ቀስት ነበር። ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ሕዝቡ በበዓል ቀን ኳሱን ትቶ ቀስት መወርወር እንዲለማመድ አዘዘ፤ ጦሩ ወርዋሪ ይፈልጋልና። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 1ኛ ደግሞ ነገሩን ወደ ፓርላማ ወሰደው። በ1424 ፐርዝ ላይ የተሰበሰበው ፓርላማ ማንም ሰው እግር ኳስ እንዳይጫወት ደነገገ፤ ቅጣቱም 4 ፔኒ ሆነ። በ1457 ጎልፍም በክልከላው ተጨመረ። ሕጉ ጨዋታውን ሊያጠፋ አልቻለም፤ ግን የሻረውም አልነበረም። እስከ 1906 ድረስ በመዝገብ ላይ ቆየ። በሚያዝያ 1902 ግላስጎው ውስጥ በኢብሮክስ ስታዲየም ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ ከእንጨት የተሠራው መቆሚያ ተደርምሶ 25 ሰው ሲሞት፣ ጨዋታውን የሚከለክለው የ1424ቱ ሕግ ገና አልተሻረም ነበር። ተመልካቹን የሚጠብቅ ሕግ ግን አልወጣም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ፓርላማው ስለ ኳስ ሁለት ነገር አደረገ፤ አንዱን አውቆ፣ ሌላውን ሳያውቅ። አውቆ ያደረገው የ1835 የአውራ ጎዳና ሕግ ነው። በመንገድ ላይ ኳስ ተጫውቶ መንገደኛ ያስቸገረ እስከ 40 ሺሊንግ ይቀጣል አለ። በዚህም የመንደር ለመንደር ግፊያው ጨዋታ ከጎዳና ወጥቶ ወደ ተከለለ ሜዳ ተገፋ። ሳያውቅ ያደረገው ደግሞ የ1850 የፋብሪካ ሕግ ነው። በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ እነሱ ሲወጡ ማሽኑም ቆመ፣ ወንዱም አብሮ ወጣ። የላንክሻየር ሠራተኛ ነጻ የሆነ ከሰዓት በኋላ አገኘ። እግር ኳስ ማኅበሩ በ1863፣ ሊጉ በ1888 ሲመሠረቱ ጨዋታው የሚካሄድበት ሰዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ይዞ የሚጠብቅ ተመልካች የሚጠብቀው ሰዓት ሥሩ እዚያ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ ነው። ስለ እግር ኳስ የወጣ አንድም ቃል ሳይኖርበት ለእግር ኳስ ይህን ያህል የጠቀመ ሕግ እኔ አላውቅም።

በ1914 ዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሊጉ አልቆመም። ጋዜጦች ተጫዋቾቹን ፈሪ፣ ተመልካቹን ደንታ ቢስ ብለው ወረዱባቸው። ፕሮፌሽናል እግር ኳስ በሕግ እንዲታገድ ጥያቄው ምክር ቤት ድረስ ደረሰ፤ መንግሥት ግን ሕግ አላወጣም። መንገዱን የቀየሰው አንድ የፓርላማ አባል ነው። ዊልያም ጆይንሰን ሂክስ በታኅሣሥ 1914 በፉልሃም ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ጠርተው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ የተባለውን ጦር አቋቋሙ። ለቶተንሃምና ለኖርዝሃምፕተን የተጫወተው ጥቁሩ ዋልተር ተል ከዚህ ሻለቃ ዘማቾች አንዱ ነበር፤ መኮንን ሆኖ በመጋቢት 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ወደቀ። ሊጉም በ1915 የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ተቋረጠ።

ሰላም ሲመለስ ሕዝቡ ከድሮው በላይ ሆኖ ወደ ሜዳ ጎረፈ። ሚያዝያ 28 ቀን 1923 አዲሱ ዌምብሌይ የመጀመሪያውን የዋንጫ ፍጻሜ ሲያስተናግድ በትኬት መግቢያ የተቆጠረው 126,047 ሰው ነው፤ አጥር ዘሎ የገባው ሲጨመር ከ200,000 በላይ እንደነበር ይገመታል። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ እስከ መስመሩ ቆመ። ሰው ሳይሞት ማለቁ ተአምር ነው። መንግሥት ደንግጦ በቀድሞው የአገር ውስጥ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሾርት የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ግን በኮሚቴው ፊት ቀርቦ ለመመስከር ፈቃደኛ አልሆነም። ሪፖርቱ በ1924 ወጣ፤ ስፖርቱ ራሱን ይቆጣጠር የሚል ተስፋ ላይ ቆመና ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ፣ ሪፖርት እየተጻፈ የሚቀመጥበትና ሰው እየሞተ ሌላ ሪፖርት የሚጻፍበት የ65 ዓመት ታሪክ ነው።

መጋቢት 9 ቀን 1946፣ ቦልተን። በጦርነቱ ዓመታት ደስታ የራቀው ሕዝብ በበርንደን ፓርክ ቦልተን ከስቶክ ሲቲ የሚያደርጉትን የዋንጫ ጨዋታ ለማየት ከየአቅጣጫው መጣ። ሜዳው ከሚችለው በላይ ሞላ፤ በሩ ሲዘጋ በባቡር ሐዲዱ በኩል አጥር ጥሶ የሚገባው በዛ። ጨዋታው እንደተጀመረ ሁለት የብረት መደገፊያዎች ተቀነጠሱና 33 ሰው ተጨፍልቆ ሞተ። ዳኛው ተጫዋቾቹን አስወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አስከሬኖቹ በሜዳው ዳር ተሸፍነው ሳሉ ጨዋታው ቀጠለ፤ እስከ መጨረሻውም ተካሄደ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ክፋት አልነበረም፤ የተመልካች ነፍስ የማን ኃላፊነት እንደሆነ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው። ጉዳዩን የመረመሩት የሕግ ባለሙያው ሞልዊን ሂዩዝ መድኃኒቱን ጽፈው ሰጡ፤ ስታዲየም ሁሉ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያውጣ፣ እያንዳንዱ መቆሚያ የሚይዘው ሰው ብዛት ተለክቶ ይወሰን። ፓርላማው ሕግ አላደረገውም። ክለቦቹ በፈቃዳቸው ይሥሩት ተባለ።

ፈቃደኝነቱ የት እንዳደረሰ ያው ኢብሮክስ አሳየ። 13ኛው ደረጃ የሚባለው ቁልቁለታማ መውጫ በ1961 ሁለት ሰው ገድሏል፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ሰው አቁስሏል። ጥር 2 ቀን 1971 ሬንጀርስና ሴልቲክ አንድ እኩል ተለያይተው ሕዝቡ ሲወጣ አንድ ሰው ወደቀ፣ በላዩ ሌላው ወደቀ። 66 ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል ማርኪንች ከምትባል ትንሽ ከተማ አብረው የመጡ አምስት ተማሪዎች ነበሩ። ዳኛው ሎርድ ዊትሊ በ1972 ያቀረቡት ምክር ከ1946ቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ፈቃድ፣ ልኬት፣ ቁጥጥር። በዚህ ጊዜ ፓርላማው ሰማ። የ1975 የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት ሕግ ከ10,000 ሰው በላይ የሚይዝና መንግሥት የሰየመው ስታዲየም ሁሉ የደኅንነት የምስክር ወረቀት እንዲኖረው አስገደደ። ሆኖም የተሰየሙት በመጀመሪያ ትልልቆቹ ነበሩ፤ በታችኛው ዲቪዚዮን ያሉት ወረፋቸውን ይጠብቃሉ ተባለ።

በዚህ መሐል የፓርላማው ወሬ ተለውጦ ነበር። በ1970ዎቹ የደጋፊዎች ድብድብ በየሳምንቱ የጋዜጣ ዜና ሆነ። ክለቦች ተመልካቹ ሜዳ እንዳይገባ ከፍተኛ የብረት አጥር አቆሙ፤ ቆሞ የሚመለከተውም በየክፍሉ ተከፋፍሎ በአጥር ታጠረ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ዙሪያውን በብረት ታጥረው፣ መውጫው ጠባብ በር ብቻ ሲሆን ማሰብ ነው። ደኅንነት የሚለው ቃል ተመልካቹ እንዳይሞት መጠበቅ መሆኑ ቀረና ተመልካቹ እንዳይረብሽ መጠበቅ ሆነ።

1985 ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አመጣ። በመጋቢት የሚልዎል ደጋፊዎች ሉተን ውስጥ ስታዲየም ሲያፈርሱ አገር በቴሌቪዥን አየ። ግንቦት 11 ቀን ብራድፎርድ ሲቲ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ዋንጫውን ተቀብሎ በደስታ እየተጫወተ ሳለ ከአሮጌው የእንጨት መቀመጫ ሥር እሳት ተነሣ። ከሥሩ የዓመታት ቆሻሻ ተጠራቅሞ ነበር፤ በ1984 የአካባቢው አስተዳደር መሐንዲስ በግዴለሽነት የተጣለ ሲጋራ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል በደብዳቤ አስጠንቅቀዋል። መቀመጫው በደቂቃዎች ውስጥ ነደደ፤ የኋላ በሮቹ ተቆልፈው ነበር፤ 56 ሰው ሞተ። ስታዲየሙ ከታችኛው ዲቪዚዮን ስለሆነ በ1975ቱ ሕግ ገና አልተሰየመም፤ ክለቡ ካደገ በኋላ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሊሰየም ነበር። በዚያው ቀን በርሚንግሃም ላይ ረብሻ ተነሥቶ ግንብ ተደርምሶ አንድ ታዳጊ ሞተ። መንግሥት ሁለቱንም በአንድ መርማሪ፣ በዳኛ ፖፕልዌል ሥር አደረጋቸው። በእሳት የሞተውና የረበሸው በአንድ መዝገብ ተጠቃለሉ፤ ይህ አሠራር የዘመኑን አስተሳሰብ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይናገራል። ግንቦት 29 ቀን ደግሞ ብራሰልስ ውስጥ በሄይሰል ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ጁቬንቱስ ደጋፊዎች ሲሮጡ ግንብ ወደቀና 39 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ናቸው። የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። ፓርላማው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በስታዲየም መጠጥን የሚቆጣጠር ሕግ አጸደቀ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ግን መፍትሔው መታወቂያ ነው ብለው አመኑ። የሉተን ክለብ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ከልክሎ ለራሱ ሰው ካርድ አድሎ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ዴቪድ ኢቫንስም በ1987 የወግ አጥባቂው ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል። በጥር 1989 የእግር ኳስ ተመልካቾች ረቂቅ ሕግ በጌቶች ምክር ቤት ቀረበ። የ92ቱን የሊግ ክለቦች ጨዋታ ለማየት የፈለገ ሁሉ መታወቂያ ያሳያል ይላል። ከሄይሰል በኋላ በሊቨርፑል የተቋቋመው የደጋፊዎች ማኅበር በብርቱ ተቃወመ። በመግቢያው በር ላይ ካርድ ሲመረመር ሰው ይከመራል፣ መጨናነቁ ሰው ይጎዳል የሚለው ክርክር ከተቃዋሚዎች በኩል ይሰማ ነበር።

ረቂቁ ገና በፓርላማው እያለ ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሆነ። በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። በሌፒንግስ ሌን በኩል ለሺዎች የተዘጋጀው መግቢያ ጥቂት ስለነበር ውጭ ያለው ሕዝብ ተጨናነቀ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ላይ የፖሊስ አዛዡ ዴቪድ ደክንፊልድ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዙ። ወደ መካከለኞቹ አጥር የሚወስደው መተላለፊያ ግን አልተዘጋም፤ እዚያ ያሉት ክፍሎች ደግሞ አስቀድመው ሞልተው ነበር። የገባው ሕዝብ ከፊት ያለውን በብረት አጥሩ ላይ ተጫነው። ጨዋታው ስድስት ደቂቃ ከሄደ በኋላ ቆመ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ተነቅሎ ቃሬዛ ሆነ፤ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ደጋፊዎቹ ነበሩ። በዚያ ቀን 94 ሰው ሞተ፤ በኋላ በደረሰው ጉዳት የሞቱት ሲጨመሩ 97 ሆኑ። ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነው።

አዛዡ በዚያው ሰዓት ለእግር ኳስ ማኅበሩ ኃላፊ በሩን የሰበሩት ደጋፊዎች ናቸው ብለው ነገሩ። ውሸት መሆኑን በምርመራ ችሎት በራሳቸው አንደበት ያመኑት በ2015 ነው። ያ ውሸት ግን የተዘራው በተዘጋጀ መሬት ላይ ነበር። ለዓመታት በምክር ቤት ተመልካቹ ሰካራምና ረባሽ ተብሎ ሲወራበት የኖረ አገር፣ ሟቾቹ ራሳቸውን ገደሉ ሲባል ለማመን ብዙ አልተቸገረም። ዘ ሰን ጋዜጣ በአራተኛው ቀን ደጋፊዎች ሟቾችን ዘረፉ የሚል የሐሰት ወሬ በፊት ገጹ አወጣ።

ምርመራውን የያዙት ዳኛ ፒተር ቴይለር ነበሩ። በነሐሴ 1989 ባወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መውደቁ ነው ብለው በግልጽ ጻፉ። መንግሥት ግን በረቂቁ ገፋበት፤ በኅዳር ሕግ ሆነ። በጥር 1990 የቴይለር የመጨረሻ ሪፖርት ወጣ። ስለ ተመልካች ደኅንነት የተጻፈ ዘጠነኛው ሪፖርት እንደሆነ ቴይለር ራሳቸው በሐዘን አስፍረዋል። መታወቂያውን በደኅንነት ምክንያት አልደግፍም አሉ፤ ትልልቆቹ ስታዲየሞች በሙሉ መቀመጫ ይኑራቸው፣ የሚያፍኑት አጥሮች ይውረዱ አሉ። መንግሥት መታወቂያውን ተወው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን በመጋቢት 1990 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ሜጀር መለሱት። በእግር ኳስ ውርርድ ላይ ያለውን ግብር ከ42.5 ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረጉ፣ የተረፈው 100 ሚሊዮን ፓውንድ በአምስት ዓመት ለስታዲየም ግንባታ እንዲውል ነበር። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ሲጀመርና በኋላ ወደ እኛ ቤቶች ሲገባ ያየነው ንጹሕ ወንበር፣ አጥር የሌለው ሜዳ፣ እስከ መስመሩ የቀረበ ተመልካች የዚህ ሪፖርት ሥራ ነው። ዋጋውም ሌላ ነበር፤ የትኬቱ ዋጋ ወጣና ብዙ ቆሞ ይመለከት የነበረ ሠራተኛ ከሜዳው ቀረ።

ሙሉ እውነቱ ግን አልወጣም ነበር። ቤተሰቦቹ ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። ሚያዝያ 15 ቀን 2009 በአንፊልድ በተደረገው የሃያኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ የባህል ሚኒስትሩ አንዲ በርንሃም ንግግር ሲያደርጉ ሕዝቡ ተነሥቶ ለ96ቱ ፍትሕ እያለ ጮኸ፤ በዚያን ጊዜ የሟቾቹ ቁጥር ገና 96 ነበር። ሰውየው ንግግራቸውን አቋርጠው ሰሙ፤ ሰምተውም ወደ ካቢኔያቸው ይዘውት ተመለሱ። በሊቨርፑሉ ጳጳስ ጄምስ ጆንስ የሚመራ ገለልተኛ ጉባኤ ተቋቁሞ የተደበቁትን ሰነዶች መመርመር ጀመረ።

ጥቅምት 17 ቀን 2011 የሆነውን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አስበልጣለሁ። ከ100,000 የሚበልጥ ሕዝብ በኢንተርኔት ፈርሞ ያቀረበው አቤቱታ የታችኛውን ምክር ቤት ሙሉ ክርክር አስከፈተ፤ ሰነዱ ሁሉ ይውጣ የሚል ነው። የሊቨርፑል ዎልተን ተወካይ ስቲቭ ሮዘራም፣ ራሳቸውም በዚያ ቀን በሂልስቦሮ የነበሩ፣ ተነሥተው የ96ቱን ሟቾች ስም አንድ በአንድ አነበቡ። ስሞቹ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ሰፈሩ። ከ1314 ጀምሮ ሕዝብ፣ ሁካታ፣ ረባሽ እየተባለ በጅምላ ሲጠራ የኖረው ተመልካች በዚያ ምሽት በየስሙ ተጠራ።

ጉባኤው በመስከረም 2012 ውጤቱን ይፋ አደረገ። 164 የፖሊስ ምስክርነቶች ተለውጠዋል፤ ከእነዚህም በ116ቱ ፖሊስን የሚነቅፈው ቃል ተሰርዟል። 41 ሟቾች በጊዜው ቢረዱ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን በዚያው ቀን በምክር ቤቱ ቆመው በመንግሥትና በአገሪቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ ቤተሰቦቹ ሁለት ጊዜ ተበድለዋል አሉ፣ በሞቱና በሐሰቱ። የቀድሞው ብይን ተሽሮ በአዲሱ ምርመራ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉና ደጋፊው ጥፋት እንደሌለበት ተወሰነ። ደክንፊልድ ግን በወንጀል ተከሰው በ2019 ነጻ ወጡ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ሌላ ዓይነት ሞት መጣ። በ1885 የተመሠረተው፣ የእንግሊዝን ዋንጫ በ1900 እና በ1903 የወሰደው በሪ የተባለው ክለብ ገንዘብ አጥቶ ከሊጉ ተባረረ። ሚያዝያ 18 ቀን 2021 ደግሞ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ከሌሎች ስድስት ጋር የተዘጋ የአውሮፓ ሱፐር ሊግ እንፈጥራለን አሉ። በማግስቱ የባህል ሚኒስትሩ በምክር ቤት ቆመው መንግሥት ለማስቆም የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ተናገሩ፤ በሦስተኛው ቀን የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ፊት ለፊት መንገድ ዘጉ። ዕቅዱ በዚያ ምሽት ፈረሰ። የቀድሞዋ የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች ደጋፊዎችን ይዘው ያካሄዱት ጥናት በኅዳር 2021 ገለልተኛ ተቆጣጣሪ እንዲቋቋም መከረ። ረቂቁ በመጋቢት 2024 ቀረበ፤ ምርጫ ሲጠራ ወደቀ፤ አዲሱ መንግሥት በጥቅምት መልሶ አመጣው። ሐምሌ 21 ቀን 2025 ሕግ ሆነ። በሕጉ መሠረት በአምስቱ የላይኛ እርከኖች ያሉት 116 ክለቦች ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ስታዲየሙን ለመሸጥ የፈለገ ባለቤት የተቆጣጣሪውን ፈቃድ፣ ዓርማውን ወይም የመለያውን ቀለም ለመለወጥ የፈለገ ደግሞ የአብዛኛውን ደጋፊ ድጋፍ ማግኘት አለበት።

የሂልስቦሮ ቤተሰቦች ደግሞ ለዓመታት የጠየቁት ሌላ ረቂቅ ነበራቸው። ፖሊስም ሆነ ማንኛውም የመንግሥት ሹም በምርመራ ፊት እውነቱን የመናገር ግዴታ ይኑርበት፣ ሆን ብሎ ያሳሳተም በወንጀል ይጠየቅ፣ ሟች ያለበት ቤተሰብም ከመንግሥት ጠበቆች ጋር ሲጋፈጥ የጠበቃ ድጋፍ ያግኝ የሚል ነው። በመስከረም 2025 መንግሥት ይህን ረቂቅ ሕግ ለታችኛው ምክር ቤት አቀረበው።